የንፋስ ተራ

ዛሬ ሰኞ ነው። ቢሮ የገባሁት የደረጃውን ብረት ይዤ ነው። መውጣቱስ ደህና፤ ጉዱ መውረዱ ላይ ነው። ጭኔ ከትናንት ጀምሮ የኔ አልሆን ብሏል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አይታኝ "ወደቅክ እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ ሳይክል ተወዳደርኩ" አልኳት። በዚህ ዕድሜህ የሚል ፊት አሳይታኝ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ውድድሩ ትልቅ አልነበረም። ጥቂት የአዲስ አበባ አማተር ክለቦች ተነጋግረን ያሰናዳነው ነው። በሳይክል እንጀራ የሚበላ ማንም የለም፤ ሁሉም ሰኞ ሥራ ገቢ ነው። ከሱሉልታ ጫንጮ፣ ከጫንጮ ሱሉልታ፣ ሁለት ዙር። 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። መነሻው ላይ ለመድረስ ግን መጀመሪያ እንጦጦን መሻገር አለ። መኪና ያለው ሳይክሉን ጭኖ ሄደ። እኛ የሌለን በአዲሱ ገበያ በኩል በጨለማው እየገፋን ወጣን። ማሟሟቂያችን እሱ ሆነ።

የጥር ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሣሩ ውርጭ ለብሷል፤ ጣት ፍሬን አልጨብጥ ይላል። የክለባችን ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከማሊያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ጋዜጣ አጥፈው ከተዋል። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው። "እንካ የኔ ልጅ" ብለው ግማሹን ሰጡኝ። ይሠራል። ጋዜጣ ዘንድሮም አንድ ጥቅም አለው ማለት ነው። ጋሼ ኢትዮጵያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን የላከችው ሯጮችን ብቻ ሳይሆን ብስክሌተኞችንም መሆኑን ሳይነግሩን ውድድር አይጀመርም። ትናንትም ነገሩን።

የማሊያዬ የኋላ ኪስ ውስጥ በማር የታሸ በሶ አለ፤ ትናንሽ አድርጌ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ጄል የሚጠቀሙ አሉ። የአንዱን ዋጋ ስሰማ በሶዬን አመሰገንኩ።

ካፒቴናችን ዕቅዱን በቴሌግራም የላከው ቅዳሜ ማታ ነው። አጭር ነበር፦ "ሥራው ለአቡሽ ነው።" አቡሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ መቀሌ ያደገ። መቀሌ የሳይክል አገር መሆኗን መቼም ለሚያውቅ አልነግርም። የመጨረሻዎቹን 200 ሜትር ከእኛ ውስጥ እንደሱ የሚፈነዳ የለም። ስለዚህ ካፒቴኑ፣ ጎሚስታው (እውነትም ጎማ ቤት ያለው ነው)፣ ጋሼና እኔ እሱን ሳይደክመው መጨረሻው ድረስ ማድረስ አለብን። ነርሷም ከእኛ ጋር ናት። ሴቶቹ አብረውን ነው የሚነሡት፤ ደረጃቸው ግን ለብቻ ነው።

ሳይክል ለማያውቅ ሰው ዋናው ጠላት ዳገት ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ግን ጠላቱ አየሩ ነው። በፈጠንክ ቁጥር ጉልበትህን የሚበላው እሱ ነው። ከፊትህ ያለውን ሰው የኋላ ጎማ ተጠግተህ ከተጠለልክ የጉልበትህ ሲሶ ያህሉ ይተርፍልሃል። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነው፤ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ተመለሰ። ሱሉልታ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች። ችግሩ፣ የሚገፋህ አየር ሲሳሳ የምትተነፍሰውም አብሮ ይሳሳል።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ሁሉም ሁሉንም ይጠብቃል። ፊት ያለው በእጁ እየጠቆመ "ጉድጓድ!" "በግ!" ይላል፤ ከኋላ ያለው እየተቀበለ ያስተላልፋል። መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች "ጀባዱ! ጀባዱ!" ይላሉ፤ በኦሮምኛ በርታ ማለት ነው። ከደርባ የሚመጣ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ አቧራው ካለፈ በኋላም ሳይክሉ ይወዛወዛል። ከኋላ ስትሆን የምታየው አንድ ጎማ ብቻ ነው። መንገዱን የሚያይልህ ሌላ ሰው ነው። ይህን ለመልመድ እኔ ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፤ ቢሮ ውስጥ የሌላ ሰው ሂሳብ ሦስት ጊዜ ደምሬ ካላየሁ የማላምን ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ዙር ከጫንጮ ዞረን እንደወጣን የሌላ ክለብ ሁለት ልጆች ተነጥለው በረሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ጎን ለጎን ይተያያል፤ "አንተ ውጣ፣ አንተ ውጣ" ነው ነገሩ። ካፒቴናችን ዞሮ እኔንና ጎሚስታውን አየን። "በሉ፣ የናንተ ሰዓት ነው!"

ወጣን። ንፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ከጎን ነው የሚመታው። ጎሚስታው መቶ ዙር ፔዳል ይመታል፣ ክርኑን ይወዘውዛል፣ ወደ ጎን ይላል፤ እኔ እገባለሁ። መቶ እቆጥራለሁ፣ ክርኔን እወዘውዛለሁ፣ እሱ ይገባል። ከኋላችን አቡሽ አለ። ዞሬ አላየሁትም፤ የካቴናውን ድምፅ ግን እሰማለሁ፤ ዘይት አነሰው ብሎ ጎሚስታው ጠዋት ሲቆጣው ነበር። ሁለቱ ልጆች መጀመሪያ ነጥብ አከሉ። ቀጥሎ የማሊያቸው ቀለም ታየ። ቀጥሎ ቁጥራቸው ተነበበ። መቶ መቁጠር አቅቶኝ ስልሳ ቆጠርኩ፣ ከዚያ አርባ። አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ሐሳብ የሌለው ጭንቅላት ኖሮኝ አያውቅም። የቤት ኪራይ የለም፣ ዓመታዊ ሪፖርት የለም። ክርን፣ ቁጥር፣ ክርን፣ ቁጥር።

ስንደርስባቸው ጎሚስታው "በቃኝ" አለ። እኔ ትንሽ ጨመርኩና እግሬ ጠፋ። ወደ ዳር ወጣሁ። ሰው ሁሉ በአጠገቤ አለፈ። አቡሽ ሲያልፍ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። ወዲያው ሜዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ በጎች፣ ገለባ የጫነ ጋሪ፣ እኔ። ቆይቶ ጋሼ ከኋላ ደረሱብኝ። የመጨረሻውን በሶ ተካፍለን፣ ስለ ጡረታ አበል እያወራን ገባን።

አቡሽ ሁለተኛ ወጣ። በግማሽ ጎማ ተቀደመ። ካፒቴኑ ቶሎ ፈነዳህ ይለዋል፤ አቡሽ ደግሞ ከፊቴ ሰው አለቀብኝ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ስንተኛ እንደሆንኩ አላየሁም፤ ዝርዝሩ ላይ ከታች መጀመር ይቀላል።

ኮንዶሚኒየም ስደርስ ጥበቃው በሩን ከፍቶ "ጋሼ፣ ስንተኛ ወጡ?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ የማይቀር ነው። የሩጫ አገር ነን፤ ስንተኛ ተብሎ ካልተመለሰ ነገሩ አልተወራም። "መጨረሻ አካባቢ" ስለው "አይዞዎት፣ ቀጣዩ ይሳካል" አለ። ሥራዬ ማሸነፍ እንዳልነበረ ላስረዳው ሞከርኩ። "አቴንስ ላይ፣ 2004፣ ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌን ዞር እያሉ ሲጠብቁት ታስታውሳለህ?" ፊቱ በራ። "እንዴት አላስታውስ! ኃይሌ እግሩን ታሞ!" አገኘሁት ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበና "መጨረሻ ላይ ግን ትተውት ሄዱ እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ።

ስለ ጽጋቡ ግርማይ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ትልቁ የሳይክል ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ በነበሩት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የሚለፋው ለቡድን መሪዎቹ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እዚያው ቱር ላይ ሦስት የቀን ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስም ከፊቱ ንፋስ የሚከልሉለት ነበሩ። የነሱን ስም ስንቱ ሰው ያውቃል? እኔ ራሴ በቴሌቪዥን ሳይ ካሜራው የሚያተኩረው የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ስለሆነ አይኔ እዚያው ይቀራል። ቢሆንም ትናንት ለራሴ ብሮጥ ኖሮ፣ ማለቴ ብጋልብ ኖሮ፣ መሐል ተደብቄ አሥረኛ እወጣ ነበር። አሥረኛ ምን ያደርግልኛል? እነዚያን ሁለት ልጆች የመለስናቸው እኔና ጎሚስታው ነን። ይሄን ጥበቃው ባያምነኝም እኔ አውቀዋለሁ፣ ጎሚስታው ያውቃል፣ አቡሽ ያውቃል።

ዋናው ወሬ ግን ቁርስ ላይ ነው የመጣው። ሱሉልታ ቁጭ ብለን ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ትኩስ ወተት አዘዝን። አቡሽ የሽልማት ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በዚህ ስፖርት ያሸነፈ ለብቻው አይበላም። ፖስታው ለጨጨብሳው እንኳ አልበቃም፤ አዋጣን። ካፒቴኑና አቡሽ ቶሎ ፈነዳህ፣ አልፈነዳሁም ሲባባሉ ነርሷ ዝም ብላ ትበላለች። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። እንኳን ደስ አለሽ ብለናታል፤ ብለን ወደ አቡሽ ጉዳይ ተመልሰናል።

ወተቷን ጨረሰችና "አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለች። "ዛሬ ለኔ ንፋስ የከለለኝ ማነው?"

ማንም አልመለሰም።

"ከአዳር ፈረቃ ወጥቼ ነው የመጣሁት። ብቻዬን ነው ያሸነፍኩት። ቀጣዩ ላይ ሥራው ለኔ ነው።"

ካፒቴኑ ሕጉ ምን ይላል፣ ወንድ ለሴት መሥራት ይፈቀዳል አይፈቀድም ብሎ ጀመረ። ጋሼ "እኛው ነን ያወጣነው፣ እኛው እናሻሽለዋለን" አሉት። ጎሚስታው እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። አቡሽ ደግሞ ሁላችንንም ቀድሞ አውጥቶ ኖሯል።

"እንግዲያው ፈረቃዬን አይታችሁ ቀኑን ቁረጡ" አለች።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቴሌግራሙ በዚሁ ነው የተጨናነቀው። እሷ ቅዳሜ ትላለች፤ ጋሼ ቅዳሜ የሲሚንቶ መኪና ይበዛል ባይ ናቸው። እኔ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ስላለኝ አለቃዬን ገና አልጠየቅኩም።