ከዲትሮይት እስከ ፖንቲያክ፣ በዉድዋርድ ጎዳና

ዛሬ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ዲትሮይት ነበርኩ። ከመሀል ከተማ አውቶቡስ ይዤ በዉድዋርድ ጎዳና ወደ ፖንቲያክ ከተማ ወጣሁ። በመስኮት ሳየው የነበረው ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መንገዱ ድሮ የነባሮቹ ሕዝቦች የእግር መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 ከተማዋ በእሳት ከወደመች በኋላ አዲሱን ፕላን የነደፈው ዳኛ አውግስተስ ዉድዋርድ የራሱን ስም ሰጠው። (ትህትና ላይ ትንሽ ይቀረዋል!)

በ1909 አንድ ማይል ያህሉ ኮንክሪት ተደረገ። ሃይላንድ ፓርክ ጋ ስንደርስ የፎርድን አሮጌ ፋብሪካ አየሁት። በ1913 ተንቀሳቃሹ የመኪና መገጣጠሚያ መስመር ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ሞዴል ቲ የተባለው የፎርድ መኪና ዋጋው ረከሰ፣ መኪና የገዛው ሰው ከከተማው ወጥቶ ቤት ሠራ፣ መንገዱም እየሰፋ ሄደ። መኪናውም መንገዱም አንዱ ሌላውን ያሳደጉት እዚሁ ጎዳና ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ1920 ባለ ሦስት ቀለም የትራፊክ መብራት የተተከለውም እዚሁ መስመር ላይ ነው።

ከተማው አልቆ ፈርንዴል፣ ሮያል ኦክ፣ በርሚንግሃም እያለ ይቀጥላል። መንገዱን መሀል ለሁለት የሚከፍለው አካፋይ ሰፊ ነው። ብዙ መስቀለኛ ላይ በቀጥታ ወደ ግራ መታጠፍ የለም። አልፈህ ሄደህ በአካፋዩ ክፍተት ዞረህ ትመለሳለህ። ግጭት ይቀንሳል፣ ለሹፌር ምቹ ነው።

ለእግረኛ ግን ጉድ ነው። ወርጄ ማዶ ያለ ካፌ ልሻገር ብዬ መሀል አካፋዩ ላይ ቆሜ ሁለተኛ መብራት ጠበቅኩ። ከፊትም ከኋላም መኪና ይበራል። ሱቁ ሁሉ መንገዱ ዳር ነው፣ መንገዱ ደግሞ ቶሎ ለማለፍ የተሠራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንዴት ይቻላል? እናንተ ምን ትላላችሁ?