በደብተሯ ያልተመዘገበው ዕዳ

በሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት ውስጥ ደመወዝ አዘጋጃለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓይነት የገንዘብ አያያዝ አይቻለሁ፤ የግዥ ክፍል ባልደረባችንን ያህል ጥንቁቅ ግን አላየሁም። ዕቁቧን፣ ዕድሯን፣ የቤት ኪራይዋንና የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትመዘግብበት ደብተር አላት። ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ለወሰደችው ብድር በየወሩ 3,500 ብር ይቆረጥባታል፤ ከዚያ ውጭ የማንም ገንዘብ እጇ ላይ የለም።

ደመወዟ 18,000 ብር ነበር። 24,000 ብር የሚከፍል ሥራ ስታገኝ ሁሉን አስልታ መጣች፤ የማኅበሩን ቀሪ ብድር በቁጠባዋ አቻችላ ነጻ ትወጣለች። ሥራ ስትለቅ ዕዳ እንደሌለባት የሚፈረምበትን የክሊራንስ ቅጽ ይዛ ስትዞር ግን ከማኅደሯ አንድ የቆየ ደብዳቤ ወጣ። ለቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዋስ በሆነችበት ጊዜ ድርጅታችን ለአበዳሪው የጻፈው ነው፤ ሥራ ከመልቀቋ በፊት እንደምናሳውቅ ቃል ገብተናል። አሳወቅን። ተበዳሪው ሥራውን ትቶ መክፈል ካቆመ ቆይቷል፣ 74,000 ብር ይቀረዋል፣ ከዋሷ ደመወዝ በየወሩ 5,000 ብር እየተቀነሰ ይላክልን የሚል መልስ መጣ።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አንድ ብር አልወሰድኩም! መጀመሪያ እርሱን አይጠይቁም?» አለችኝ።

ውሉን አብረን አነበብነው። «በአንድነትና በነጠላ» ዋስ ሆናለች። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1933 መሠረት እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ፣ አበዳሪው ባለዕዳውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ሊከሰው ይችላል። ዋስትናው የሚሸፍነው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ አይጸናም፤ የእርሷ ውል ላይ ግን ቁጥሩ በግልጽ ተጽፏል። ጓደኛዋ «ለወጉ ነው፣ ፈርሚልኝ» ብሏት ነበር አሉ። ይህች «ለወጉ» የምትባል ነገር ታንገበግበኛለች። ሰው ለሰው ዋስ መሆኑን አልቃወምም፤ ዋስ ባይኖር ከመካከላችን ብዙው ሰው ብድር አያገኝም ነበር። ነገር ግን ዋስ የሆንበት ገንዘብ በዕዳችን ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ማን እንደወሰደው፣ ስንት እንደቀረና መቼ እንደሚያልቅ ጭምር። ቀሪውንም በየጊዜው እንጠይቅ። ያች ሁሉን የምትመዘግብ ሴት ይህን አንድ መስመር አልጻፈችም።

ከዚያ ቁጭ ብለን አሰላን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የ18,000 ብር ሢሶ 6,000 ነው። የማኅበሩ 3,500 ሲነሳ ለአበዳሪው የሚተርፈው 2,500 ብቻ ነው፤ በዚህ አካሄድ ዕዳው ወደ 30 ወር ይወስዳል። ወደ አዲሱ ሥራ ብትሄድ ግን የማኅበሩ ብድር ይዘጋል፣ የ24,000 ሢሶ 8,000 ይሆናል፣ የተጠየቀው 5,000 ሙሉ በሙሉ ሊከፈል ይችላል፤ 15 ወር ገደማ ይበቃል።

ይህን በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። አበዳሪው ዘንድ ለልመና ሳይሆን ይህን ወረቀት ይዛ ሄደች። መሄዷ ለእነርሱም እንደሚበጅ ሲያዩ ተስማሙ፤ አዲሱ አሠሪዋ የእኛን የሚተካ ደብዳቤ እስኪጽፍ ብቻ ጠበቁ። ከ74,000 ውስጥ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቅጣቱ ስንት ስንት እንደሆነም በጽሑፍ አስጠየቅኋት፤ ብዙ ሰው ድምሩን ሰምቶ ዝም ይላል።

ክሊራንሷ ተፈረመ። አሁን በየወሩ ትከፍላለች፤ የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከተበዳሪው የመጠየቅ መብት ስላለው እያንዳንዱን ደረሰኝ በስሙ በከፈተችው ማኅደር ታስቀምጣለች። ለእርሱም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቃዋለች።