ከመዝገቡ የጠፉት የት ደረሱ?

ሲስተር መዝገቡን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ እኮ። አርፋለች፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ» አሉኝ። በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ ያቺ ሴት «ከክትትል የጠፋች» ተብላ ተቀምጣለች። ስንቱ በሕይወት እንደቆየ የሚያሳየው ኩርባ ተስሏል፣ ሠንጠረዡ ተሞልቷል፤ የማስተርስ ጽሑፌን ለአማካሪዬ ላስረክብ የቀረኝ አንድ ሳምንት ነበር።

ጥናቱ ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ሆስፒታል የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ አዋቂዎች፣ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት ቆዩ? መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ስለሆነ የብዙ ዓመታት ካርድ ተከማችቷል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የቆየበት ቀን ብዛትና መጨረሻው፤ ሞቶ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይጻፋል። የሚያስቸግረው መጨረሻው ነው። ጥናቱ ሲዘጋ በሕይወት ያለ ሰው አለ፤ ወደ ሌላ ጤና ተቋም የተዛወረ አለ፤ አንድ ቀን መድኃኒቱን ተቀብሎ ሄዶ ዳግም ያልታየ አለ። እነዚህን ሁሉ በሙያችን «ሴንሰርድ» እንላቸዋለን። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት እንደነበሩ እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተሸፍኖብናል። ከጥናቱ ብናወጣቸው የኖሩትን ጊዜ እንጥላለን፤ እንደሞቱ ብንቆጥራቸው ያልሆነውን እንጽፋለን። ሰርቫይቫል አናሊሲስ የሚባለው ዘርፍ ይህን ለመፍታት ነው የተነሣው።

ብዙ ጊዜ የበላብኝ ግን የቀን አቆጣጠሩ ነው። ካርዱ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ሳስገባ፣ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። አንዳንዱ ቀን በፈረንጅ፣ አንዳንዱ በእኛ ተጽፎ ሲቀላቀል ደግሞ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሞተ ሰው ይወጣል። መፍትሔውን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ዓመቱን በ365 አባዛለሁ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍዬ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ እደምራለሁ፤ ላለፈው ለእያንዳንዱ ወር 30 እጨምራለሁ፤ በመጨረሻ ቀኑን። በእኛ የተጻፉ የሁለት ቀኖች ልዩነት ያለ ምንም መቀየሪያ በትክክል ይወጣል፤ በዘመነ ሉቃስ የምትመጣዋ ስድስተኛ የጳጉሜን ቀን እንኳ አትጠፋም። 12ቱ ወራት እኩል ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ከፈረንጁ ይልቅ ይመቻል። ካርድ ቆጥራችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ቀን እንደተጻፈ አስገቡና በዚህ መንገድ አስሉት።

አማካሪዬ ሶፍትዌር ከመክፈቴ በፊት ኩርባውን የሚያወጣውን የካፕላን ማየርን ስሌት በእጄ እንድሠራ አዘዙኝ። ያን ጊዜ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ያዳነኝ ግን እሱ ነው። ዘዴው የታተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ኤድዋርድ ካፕላን በቤል ላቦራቶሪ በባሕር ሥር የስልክ ኬብል ላይ የሚገጠሙ ቫኪዩም ቲዩቦች ስንት ጊዜ እንደሚያገለግሉ ያጠና ነበር፤ ፖል ማየር የካንሰር ሕሙማንን። ሁለቱም ለአንድ መጽሔት ለየብቻ ጽሑፍ ላኩ፣ አዘጋጁም በአንድ እንዲያቀርቡት ጠየቃቸው። «ኖንፓራሜትሪክ» የሚባለው፣ ሞት በዚህ ወይም በዚያ ቀመር ይሄዳል ብሎ አስቀድሞ ስለማይወስን ነው። ሞት በተመዘገበበት ቀን ብቻ ኩርባው አንድ ደረጃ ይወርዳል።

የተለማመድኩበት መረጃ በ1963 እ.ኤ.አ. የታተመ የደም ካንሰር ሙከራ ነው፤ 21 ታማሚዎች ሲክስ ኤምፒ የተባለውን መድኃኒት፣ 21 ደግሞ ማስመሰያ ወስደዋል። የሚቆጠረው በሽታው እስኪያገረሽ ያለው ጊዜ ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት በ6ኛው ሳምንት ሦስቱ አገረሸባቸው፤ ያላገረሸባቸው ድርሻ 18 ለ21 ሲካፈል 0.857 ነው። በዚያው ሳምንት የአንዱ ክትትል ተቋረጠ። ስለዚህ 7ኛው ሳምንት ሲደርስ የቀሩት 17 ናቸው። አንዱ አገረሸበት፤ 0.857ን በ16/17 ስናባዛው 0.807 ይሆናል። እንዲህ እየተባዛ 23ኛው ሳምንት ላይ 0.448 ይደርሳል። ማስመሰያ ከወሰዱት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ አገርሽቶባቸዋል።

በእጄ ስሠራው ያ በ6ኛው ሳምንት የወጣው ሰው የት እንደገባ ማየት ቻልኩ። እያንዳንዱ ሰው 1/21 ድርሻ ይዞ ይጀምራል። ያገረሸበት ድርሻውን ይዞ ይወርዳል። ሴንሰር የተደረገው ግን ድርሻውን ከእርሱ በኋላ ለቀሩት 17 ሰዎች እኩል ያወርሳል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ብራድሊ ኤፍሮን በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በዚህ ክፍፍል የሚገኘው ውጤት ከካፕላን ማየር ጋር አንድ ነው። ስሌቱ በሙሉ የውርስ ስሌት ነው ማለት ነው፤ ውርሱም ልክ የሚሆነው ወራሾቹ አውራሹን የሚመስሉ ሲሆኑ ነው።

ሲስተር ጣታቸውን ያሳረፉበት መስመር ይህን አስታወሰኝ። እኔ ዘንድ ወራሾቹ እነማን ናቸው? በየቀጠሮው በእግራቸው መጥተው መድኃኒት የሚቀበሉት። የአውራሿ ድርሻ ደግሞ ሞታ ሳለ ለእነርሱ ተከፋፍሏል። የሞተ ሰው ሁሉ «ጠፋ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ኩርባዬ ከፍ ብሎ የታየው ሰዎች ስለዳኑ ላይሆን ይችላል። በጽሑፌ ውስጥ «ሴንሰሪንጉ ከሞት ጋር ግንኙነት እንደሌለው ታሳቢ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ ከቀደሙ ጽሑፎች እንዳለ የወሰድኩት። ስለ ሰዎች ሕይወት እንዲህ ያለ ነገር ሳላረጋግጥ መጻፌ አሁንም ያሳዝነኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. አቅማቸው ውስን ከሆኑ አገሮች የመጡ 17 ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ጽሑፍ፣ ጠፍተው ሲፈለጉ ከተገኙት ሕሙማን 40 በመቶ ያህሉ ሞተው እንደነበር ዘግቧል። ያንን ያነበብኩት ከሲስተር ጋር ካወራሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ኩርባ ሣልኩ። በአንደኛው የጠፉት ሁሉ በጠፉበት ቀን እንደሞቱ፣ በሌላው ሁሉም እስከ መጨረሻው እንደኖሩ ቆጠርኩ። በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት በጣም ሰፊ ስለነበር ምንም መናገር አልቻልኩም። ሰዎቹን ከመፈለግ በቀር መንገድ አልነበረም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ እስኪያድስልኝ ጠበቅሁ። ሁሉንም ለመፈለግ አቅም ስላልነበረን ከጠፉት መካከል ከአምስት አንዱን በዕጣ አወጣን። ስልክ ያላቸውን ብቻ መምረጥ ቀላል ነበር፤ ግን ስልክ ያለው ከሌለው በኑሮውም በዕድሉም ይለያል። የሚደውሉትና ቤት ድረስ የሚሄዱት የክፍሉ ባልደረቦች ብቻ ናቸው። እኔ አንድም ሰው አላነጋገርኩም፤ ስማቸውም በእጄ አልገባም። ይህ መሆን ያለበት ነገር ነው፤ አንድ የማያውቁት ድምፅ ስልክ ደውሎ የሰውን ምስጢር በቤተሰቡ ፊት ሊያወጣ ይችላል።

የተገኘው ልዩ ልዩ ነው። ጎረቤት እንዳያያቸው ሩቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው በሌላ ስም መድኃኒቱን የቀጠሉ ነበሩ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው የቀሩ፣ ጸበል ገብተው መድኃኒቱን ያቆሙ ነበሩ። የሞቱም ነበሩ። የሞቱበትን ቀን ቤተሰብ በቁጥር አይናገርም፤ «ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ» ይላል። መጀመሪያ መሐሉን ቀን እየገመትኩ አስገባ ነበር። አማካሪዬ ከለከሉኝ። እንዲህ በሁለት ቀኖች መካከል ለሚወድቅ ሞት ተርንቡል የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት አለ፤ እኔ ከማውቀው በላይ እንዳውቅ አያስመስለኝም።

የተገኘው እያንዳንዱ ሰው አምስት ጠፊዎችን ወክሎ እንዲቆጠር ክብደት ሰጥቼ ኩርባውን እንደገና ሣልኩት። ወረደ፤ ይበልጡን የወረደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሰው መድኃኒቱን ሊጀምር የመጣው ሰውነቱ ከተዳከመ በኋላ ከሆነ፣ የሚሞተውም የሚጠፋውም በዚያው ጊዜ ነው።

ስለ ኩርባው ጭራም አንድ ነገር ልበል። በዚያ የደም ካንሰር መረጃ ከ23ኛው እስከ 35ኛው ሳምንት መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ርቀት የቆመው በአምስት ሰዎች ላይ ነው። በእኔም ኩርባ መጨረሻው ጠፍጣፋ ነበር፤ «ከዚህ በኋላ ሞት ቆሟል» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ከግራፉ ሥር በየዓመቱ ክትትል ላይ የቀሩትን ሰዎች ቁጥር ሳልጽፍ ኩርባ አላሳይም።

ማስረከቢያዬ አንድ ሴሚስተር ዘገየ። የቀድሞውንና እንደገና የሣልኩትን ኩርባ በአንድ ገጽ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ለሆስፒታሉ የሰጠሁት ቅጂም እንደዚያው ነው።

ያቺን ሴት በዕጣው ውስጥ አላስገባናትም፤ መጨረሻዋ ታውቆ ነበርና። ያረፈችው በኅዳር ሚካኤል ማግስት መሆኑን ሲስተር አስታወሱ። ኅዳር 13ን አስገብቼ ቀኑን አሰላሁ፤ በሚቀጥለው ዓምድ ያለውን 0 አጥፍቼ 1 ጻፍኩ።