የቀኝ እጄ ጉዳይ

አዳማ፣ እሑድ ማታ

በትንሿ ትራክተራችን ሎደር (ሸክም የሚያነሳው የፊት ክንድ) ላይ ባለጥፍሩን ግራፕል (ቅርንጫፍና ግንድ ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ) ከገጠምን ሦስት ሳምንት ቢሞላንም፣ ጥፍሩ በምን ይታዘዝ የሚለውን የቆረጥኩት ገና ዛሬ ነው። እስካሁን የተጠቀምነው ከኋላው የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) መውጫ ሁለት ቱቦ ወደ ፊት ዘርግተን ነበር። ወጪው የቱቦና የማያያዣ ብቻ ስለሆነ ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥፍሩን በከፈትኩና በዘጋሁ ቁጥር ቀኝ እጄ የሎደሩን ጆይስቲክ (የመቆጣጠሪያ ዱላ) ለቅቆ ከመቀመጫው ጎን ወዳለው ማንሻ መሄድ ነበረበት። ትናንት በወንጂ በኩል ካለው ማሳ ዳር የግራር ቅርንጫፍ ሳነሳ፣ እጄ ማንሻውን ሲፈልግ ክምሩ ተንሸራትቶ ግማሹ የፊት ጎማው ሥር ወደቀ። የግራር እሾህ ጎማ ላይ የሚያደርሰውን ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መካኒካችን ጋሼ ሁለት መንገድ አቀረቡልኝ። አንደኛው ከሎደሩ ቫልቭ በፊት ለማንሳትና ለማዘንበል ካሉት ሁለቱ ሌላ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ቫልቭ (የዘይት መቆጣጠሪያ) መግጠም ሲሆን፣ ግራፕሉን እያዘነበሉ ጥፍሩንም ለመዝጋት ያስችላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ ቀላሉ ዓይነት ደግሞ ቁልፉ እንደተነካ ዘይቱን በሙሉ ስለሚለቀው ጥፍሩ እንደ ወጥመድ ይነክሳል። ሁለተኛው የዘይት አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ ነው። ጆይስቲኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ሶሌኖይድ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ ክፍል) ግራፕሉን ወደሚያዘነብለው ሲሊንደር ይሄድ የነበረውን ዘይት ወደ ጥፍሩ ያዞረዋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ሳላስነሳ መቀመጫው ላይ ወጥቼ፣ ሥራውን በባዶው እየደገምኩ እጄን ተከታተልኩት (ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይል ነበር!)። ሁልጊዜ መጀመሪያ አዘነብላለሁ፣ ከዚያ እይዛለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የምፈልገው ከስንት አንዴ ነው፤ በዝግታ መዝጋት ግን ለአጥር የምናነሳውን የባሕር ዛፍ ቋሚ እንዳልሰብር በየቀኑ ያስፈልገኛል፤ ቀያሪው ቫልቭ ደግሞ ጆይስቲኩን በገፋሁት መጠን ጥፍሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋልኛል። ስለዚህ እርሱን መረጥኩ።

የሚያሳስበኝ ሽቦው ነው። ቢላቀቅ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል ዘይቱ ወደ ማዘንበያው ስለሚመለስ፣ ጥፍሩን ልክፈት ብሎ ጆይስቲኩን የገፋ ሰው ክንዱ ከፍ ብሎ ሳለ ግራፕሉን ከነሸክሙ ይደፋዋል። ጋሼ ሽቦውን በአሮጌ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ከሎደሩ ክንድ ጋር እንደሚያስሩት ነግረውኛል፤ እኔም የኋላውን መውጫ አቧራ እንዳይገባበት ዛሬውኑ በጎማ ክዳን ደፈንኩት።