መሰላል ይዛችሁ ሂዱ፦ ስላገለገለ የፈረስ ተሳቢ ጣሪያ

ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሚድልበርግ አካባቢ ፈረስ መጋለብ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ በፈረስ ረገድ እውቀቴ ከጉግስ ተመልካችነት ያላለፈ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ፈረስ ተጭኖበት በመኪና የሚጎተት፣ ያገለገለ የአሉሚኒየም ተሳቢ እንድንገዛ ቤተሰቡ በወሰነ ጊዜ፣ አራት ወር ሙሉ ስጠይቅና ስፈትሽ ቆየሁ። ካየኋቸው ዘጠኝ ተሳቢዎች መካከል ሻጩ ወለሉን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ሳይጠየቅ ያላሳየኝ አልነበረም፤ ጣሪያውን ልየው ስል ግን ሁሉም ግር ይላቸው ነበር። ክፋት አይመስለኝም። አናቱ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ከገዛበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አይቶት ላያውቅ ይችላል።

ሻጮች የሚያዘወትሩት አባባል «አሉሚኒየም አይዝግም» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ጎዶሎ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ አየር ሲነካው ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የብረት ብሎን አሉሚኒየሙን በነካበት ቦታ ውሃ፣ በተለይም በረዶ በሚጥልበት ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሟሟበት ውሃ ሲገባ፣ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሠሩና ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ይሆናል። በብሎኑ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት የዚህ ምልክት ነው። ሌላው ነገር ሙቀት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው የጣሪያ ላሜራ በጥር ሌሊት ብርድና በሐምሌ ቀትር ፀሐይ መካከል የ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ቢገጥመው፣ ርዝመቱ በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ይህን ሁሉ መሳሳብ ዓመት ከዓመት የሚሸከመው በጠርዙና በየቀዳዳው ዙሪያ የተቀባው ማሸጊያ ነው፤ ላሜራው ገና ደህና ሳለ ማሸጊያው ቀድሞት ያረጃል። እኔም በመጨረሻ መመርመር የተማርኩት መጋጠሚያውን ነው።

መሰላል ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣሪያው ላይ ግን አትውጡ። ስስ ላሜራ በአግዳሚዎቹ መካከል ከተረገጠ ይጎደጉዳል፣ ላሜራውን ከአግዳሚው ጋር የሚያያይዘው የሪቬት (ምስማር መሰል ማያያዣ) ቀዳዳም ይሰፋል። ከመሰላሉ ላይ ሆናችሁ አስቀድማችሁ የምታዩት ጣሪያው አንድ ወጥ ላሜራ ይሁን ወይስ ከብዙ ቁራጭ የተጋጠመ ነው፤ ወጥ ከሆነ ሥራችሁ ጠርዙን፣ ሪቬቶቹንና የአየር መስኮቶቹን ማየት ብቻ ይሆናል። የላላ ሪቬት በጉዞ ንዝረት አሉሚኒየሙን እየፋቀ ጥቁር ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱም ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እንደ ጭስ ጭራ ተስቦ ይታያል። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ቢገኝ ግድ የለም፤ በአንድ መስመር ተከታትለው ከጠቆሩ ግን ከሥራቸው ያለው አግዳሚ ሲወዛወዝ የኖረ ስለሆነ ተሳቢውን መተው ይሻላል። የመስኮቶቹ የፕላስቲክ ክዳን ፀሐይ አድርቆት ቢሰነጠቅ አያሳስብም፤ ይቀየራል።

በክፈፉ ዙሪያ የተሰነጠቀ አሮጌ ማሸጊያ ባይ አልደነግጥም፤ የሚያስደነግጠኝ በአሮጌው ላይ የተደፈደፈ የሚያብለጨልጭ አዲስ ሲሊኮን ነው። ሰው ለመሸጥ ከመወሰኑ በፊት በነበረው ሳምንት ጣሪያ የሚያሽግበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ከዚህም በላይ ሲሊኮን በነበረበት ላይ ሌላ ማሸጊያ በቀላሉ ስለማይዝ፣ በኋላ የሚጠግነው ሰው ሁሉንም እስከ ላሜራው ድረስ ፍቆ ማንሳት ግድ ይለዋል።

ከመሰላሉ ከወረዳችሁ በኋላ ቀትር ላይ ውስጥ ገብታችሁ በሮቹንና መስኮቶቹን ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ፤ በመርፌ የተወጋች የምታህል ቀዳዳ ብትኖር እንደ ኮከብ ትበራለች። ኮርኒስ ያለው ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ኮርኒሱን በመዳፍ እየተጫኑ የላላ ወይም ያበጠ ቦታ መፈለግ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ማየትና ማሽተት ብቻ ነው የሚቀረው።

የእኛን ቁርጥ ነገር የወሰነው የውሃ ጎማ ነው። ስምንተኛው ተሳቢ፣ ሁለት ፈረስ የሚይዝ፣ ከላይ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ሻጩን አስፈቅጄ ከጣሪያው የታችኛው ጠርዝ ጀምሬ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ እያቆየሁ ወደ ላይ አጠጣሁት፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያለብሰው በየት እንደገባ አይታወቅም። ባለቤቴ ውስጥ ባትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ጠርዙ አላፈሰሰም። የፊተኛው መስኮት ጋ ስደርስ «መጣ!» አለች፤ ጠብታው የወረደው ግን ከመስኮቱ ወደ አንድ ሜትር ርቆ፣ በመብራቱ ሥር ነበር። ውሃው አግዳሚውን ተከትሎ ተጉዟል። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው በዚህ አይገረምም፤ እናቴ ባልዲ የምታስቀምጥበትና አባቴ ምስማሩን የሚደፍንበት ቦታ አንድ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሻጩ መብራቱን ማሸግ ይበቃል ብሎ ነበር። ለመስኮቱ ጥገና 600 ዶላር ቀንሶልን ገዛነው።

ጥገናው አንድ ቅዳሜ ፈጀ፦ ክፈፉን ነቅዬ አሮጌውን ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ አነሣሁ፤ ከክፈፉ ሥር የሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር አነጠፍኩ፤ የብረት ብሎኖቹን በማይዝጉ ብሎኖች ተካሁ። የማይዝጉም ቢሆኑ ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚበላሉ ቀዳዳዎቹን በማሸጊያ ሞላሁ። የበረዶ ጠጠር የጎደጎዳቸውን ትናንሽ ቦታዎች አልነካኋቸውም፤ መጋጠሚያውን እስካልከፈቱ ድረስ መልክ እንጂ ጉዳት አይደሉም።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ማለዳ ልጄ «ጣሪያው አሁንም ያፈሳል» ብላ ደወለችልኝ። ፈረሷ ከጉዞ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ተሳቢው ውስጥ ተጭና ቆማ ነበር። ስደርስ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር እኩል በረጠበ ጤዛ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ ከፈረሷ ትንፋሽ የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ላሜራ ነክቶ ውሃ ሆኗል። የሚያፈስ ጣሪያ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምራል፣ ጠባሳም ይተዋል። ጤዛውን በፎጣ ጠረግንና የአየር መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈትነው።