ከከፈልኩ አይቀር ልየው

ነገሩ የጀመረው በብስጭት ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የሴሚስተሩ የክፍያ ዝርዝር ሲደርሰኝ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። ስደተኛ ደረሰኝ ያነባል። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ድምሩን አይተው ለወላጆቻቸው ይልኩታል። እኔ ግን እያንዳንዷ ሳንቲም የት እንደገባች ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የትምህርት፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የጤና ኢንሹራንስ... ወረድ ስል "የኪነ ጥበባት ክፍያ" የሚል መስመር አገኘሁ። እኔ የማጠናው አካውንቲንግ ነው። የምን ኪነ ጥበብ?

ሄጄ ጠየቅኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፣ "ለኮንሰርት፣ ለቲያትርና ለሥዕል ኤግዚቢሽን ነው። መታወቂያህን ካሳየህ በነፃ ትገባለህ" አለችኝ።

በነፃ! እየከፈልኩ እኮ ነው እህቴ።

ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ላላየሁት ኮንሰርት ስገፈግፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው። በአዳራሹ በር ደግሞ በቀን ሁለቴ አልፋለሁ። አንድም ቀን ልግባ ብዬ አስቤ አላውቅም። ማንም አልከለከለኝም። ማታ ማታ ካፖርት የደረቡ ባልና ሚስት ከመኪና ሲወርዱ አይና "የእነሱ ነው" ብዬ ወደ ሥራዬ እፈጥናለሁ። ሥራዬ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ማጠብ ነበር።

ያን ቀን የወቅቱን መርሐ ግብር የያዘውን ቡክሌት አንስቼ ቤት ገባሁ። ወቅቱ ትምህርት ሲጀመር ተከፍቶ በጸደይ ይዘጋል። ከውጭ የሚመጡት ሙዚቀኞች ቀናቸው ከዓመት በፊት የተያዘ ነው። የተማሪዎቹ ቲያትር ሴሚስተሩ ጋመስ ካለ በኋላ ነው የሚታየው፤ ልምምዱ ሳምንታት ይፈጃል። የተመራቂዎቹ ኤግዚቢሽን መጨረሻ ላይ ይመጣል። እስክሪብቶ ይዤ እያከበብኩ አሰላሁት። አምስት ዝግጅት ካየሁ ኪሳራዬ ይመለሳል። ይኸው ነበር ለጥበብ የነበረኝ ፍቅር።

የመጀመሪያው የተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ነበር። የተጫወቱት የድቮርዣክን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነው፤ "ከአዲሱ ዓለም" የሚባለውን። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በር ላይ የታደለውን ወረቀት አነበብኩ። ሰውዬው የቼክ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊመራ ኒው ዮርክ ሄደ። ሲምፎኒውን የጻፈው እዚያው ነው፤ በ1893 መጨረሻም እዚያው ካርኔጊ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። በ1895 ጠቅልሎ አገሩ ገባ። "ጠቅልሎ" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ "ተመለሰ" ነበር የሚለው። ቀናሁበት።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ማታ ዓይኔን የያዘው አንድ ልጅ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ቱባ ታቅፏል። ቱባ ትልቁ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ከቱባ ባህል ጋር ዝምድና የለውም። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፤ ልጁ አልነፋም። ሁለተኛው ሲጀምር ጥቂት ነፋና አወረደው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጥቂት። ከዚያ በኋላ ጭራሽ የለም። አርባ ደቂቃ ገደማ ታቅፎት ተቀመጠ። ሳህን አጣቢ ነኝና "ይሄ ልጅ በሰዓት ነው የሚከፈለው?" ብዬ አሰብኩ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ከመድረኩ ጎን መጥረጊያ ማሽን የሚገፉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ብቅ አሉ። አዩኝ። ማሽኑን አጠፉት።

"ሐበሻ ነህ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ። አዳራሹን ማጽዳት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ ቱባው ልጅ ነገርኳቸው።

"አሥራ አራት ኖታ ነው ያለው" አሉኝ። "በጠቅላላው። ልምምድ ላይ መጽሐፍ ይዞ ነው የሚመጣው።"

"አሥራ አራት ብቻ?"

"ሲምባሉማ፣ ያ ሳህን የሚመስለው ነሐስ፣ አንዴ ነው የሚሰማው፤ መጨረሻው ክፍል ላይ። ያውም ቀስ ተደርጎ። አላየኸውም አይደል? ማንም አያየውም።"

በኋላ ፈልጌ አየሁት። ልክ ናቸው።

ጋሼ አንድም ኮንሰርት ተቀምጠው ሰምተው አያውቁም። ሰው ሲገባ እሳቸው ሌላ ሕንፃ ላይ ናቸው፤ ሰው ሲወጣ ይመጣሉ። ግን ልምምድ ቀን ቀን ነው። ፈረቃቸው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት መጥተው የላይኛው በረንዳ መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ። ድምፁ የሚገጥመው እዚያ ነው ይላሉ። ኦቦ የምትባለዋ ቀጭን የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ "ላ" የሚባለውን ድምፅ ስትሰጥና ሌላው ሁሉ በእሷ ድምፅ መሣሪያውን ሲቃኝ፣ ያቺን ነው አብልጠው የሚወዷት። "ሁሉም እንደፈለገው ይንጫጫል፤ ግን አንዷን ነው የሚፈልገው" ይላሉ። ልምምዱን ስለሚሰሙ ሥራውን ከነስህተቱ ያውቁታል። የትኛው ቦታ ላይ መሪው አስቁሞ እንደሚቆጣ፣ ቀንዱ (ሆርን የሚሉት የነሐስ መሣሪያ) የቱ ጋ እንደሚስት፣ ሁሉን። ትኬት ገዝቶ የሚገባው ሰው የሚሰማው የተስተካከለውን ብቻ ነው።

ሳህን ማጠቡን ያስተዉኝም እሳቸው ናቸው። "እዚህ አስተናባሪ ይፈልጋሉ። ተማሪ ነው የሚቀጥሩት። እየተከፈለህ ታያለህ" አሉኝ። ይህን የሰማ አካውንታንት ምን ይላል? በማግስቱ አመለከትኩ።

አስተናባሪ መሆን ቀላል ይመስላል። ትኬት ታያለህ፣ ቦታ ታሳያለህ። የእጅ ባትሪህን ወለሉ ላይ እንጂ ሰው ፊት ላይ አታበራም። ዋናው ሥራ ግን በሩ ነው። የኮንሰርት አዳራሽ መግቢያ ድርብ በር አለው፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ የኮሪደሩ ድምፅ እንዳይገባ። በሁለቱ መሀል ሁለት ሰው የሚያቆም ጨለማ ቦታ አለ። አርፍዶ የመጣ ሰው እዚያ ይቆማል። አንዱ የሙዚቃ ክፍል አልቆ ሁለተኛው እስኪጀምር አይገባም። ፕሮፌሰርም ይሁን፣ ትኬቱ ውድም ይሁን፣ ያው ነው። የሚለምን አለ፣ የሚቆጣ አለ። እኔ በየቢሮው በር ላይ "ትንሽ ይጠብቁ" ስባል የኖርኩ ሰው፣ አሁን በተራዬ "ትንሽ ይጠብቁ" እላለሁ። ደስ አይልም ካልኩ ውሸት ነው።

ሌሊት መጨረሻ ላይ መድረኩ መሀል አንድ አምፖል ቋሚ ላይ ተሰክቶ በርቶ ያድራል። ለመናፍስት ነው የሚሉ አሉ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ሰው በጨለማ እንዳይወድቅ ነው። እኔ ነኝ መንፈሱ" አሉኝ።

በዚያው ዓመት የቲያትር ተማሪዎቹ አንቲጎኔን ሠሩ። ግሪካዊው ሶፎክለስ ከ2,400 ዓመት በፊት የጻፈው ተውኔት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። የልጅቷ ወንድም ሞቷል። ንጉሡ እንዳይቀበር አዟል። እሷ ሄዳ አስከሬኑ ላይ አፈር ትበትናለች። በቃ፣ በዚያ ትሞታለች። ትንሿ ጥቁር ክፍል ውስጥ ነበር የሚታየው፤ ተመልካቹ በሦስት በኩል ይቀመጣል፣ ተዋናዮቹ እግርህ ሥር ናቸው። አንቲጎኔን የሠራችው ልጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ፊዚክስ የምታጠና ናት። ስታስነጥስ ሳይቀር አውቃታለሁ።

አባቴ ያረፈው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ብወጣ አልመለስም። በስልክ ነው የሰማሁት፣ በስልክ ነው ያለቀስኩት። ቀብሩን አንድ የአጎቴ ልጅ በቪዲዮ ሊያሳየኝ ሞክሮ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ትከሻና ሰማይ ብቻ አየሁ።

አስተናባሪ በር ላይ ቆሞ ተመልካቹን እንጂ መድረኩን እንዲያይ አይመከርም። እኔ ግን ዘጠኙንም ማታ መድረኩን አየሁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አፈሩን ከእጇ ስትለቅ ድምፅ አለው። ሻ... የምትል። በየማታው በዚያች ድምፅ ጊዜ በሩን አጥብቄ ይዤ ነበር የምቆመው።

ጋሼ ምንም አልነገርኳቸውም። አንድ ሌሊት ግን መጥረጊያና መዛቂያ ይዘው መጥተው፣ እኔን አዩኝና፣ አፈሩን አዩት።

"ዛሬም ቀበረችው?"

"ቀበረችው።"

"እሷ ማታ ማታ ትቀብራለች፣ እኔ ሌሊት ሌሊት እጠርጋለሁ" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው መጥረጊያውን ዘረጉልኝ። "ዛሬ አንተ ጥረግ።"

ጠረግኩ። ልጆቹ ለነገው ስለሚፈልጉት አፈሩ አይጣልም፤ ወደ ባልዲው ይመለሳል። በደንብ ነው የጠረግኩት፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ። ጋሼ መጀመሪያው ረድፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ምን ሆነሃል አላሉኝም።

ኤግዚቢሽኑን በተመለከተ አጭር ነው የምለው፤ ጋለሪ ውስጥ የቆምኩት አንድ ወር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚያማርረው ስለ መብራቱ ነው። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕል ብዙ ብርሃን አይችልም፤ 50 ሉክስ ገደማ ነው የሚፈቀድለት (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ድንግዝግዝ ማለት ነው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት አይመለስም፤ በየቀኑ ይጠራቀማል። ሥዕሉ የሚሰቀለው ደግሞ መሀሉ ከወለሉ 145 ወይም 150 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው፣ ለአማካይ ሰው ዓይን ተብሎ። እኔ አማካይ አይደለሁም። አንጋጥጬ ነው ያየሁት።

ስለ ኪሳራዬ ከጠየቃችሁኝ፣ መቁጠሩን የተውኩት ሁለተኛው ወቅት ላይ ነው።

ልመረቅ አንድ ወር ሲቀረኝ ጋሼ ጡረታ ወጡ። አስተናባሪ በዓመት ሁለት ነፃ ትኬት አለው። አንዱን ሰጠኋቸው፤ ከውጭ የመጣ ኦርኬስትራ የሩሲያዊውን የቻይኮቭስኪን ስድስተኛ ሲምፎኒ የሚጫወትበት ማታ ነው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚያው በ1893 ነው፤ ደራሲው ራሱ መርቶት በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ጋሼ ተማሪዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲለማመዱት ሰምተውታል። ወንበራቸው መሀል ላይ ነበር፣ ጥሩ ቦታ።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ወንበሩ ባዶ ነው። ዕረፍቱም አለቀ። መብራቱ ጠፋ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ባሱን የሚሉት የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ያ ወፍራም ድምፁ ከሥር ጀመረ። የውጪው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጋሼ ናቸው። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። አውቶቡሱ ዘግይቶባቸው ላብ በላብ ሆነዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"አውቃለሁ" አሉ በሹክሹክታ። "ሕጉን ከአንተ በፊት ነው የማውቀው። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው።"

ሁለታችንም በሮቹ መሀል ቆምን። የውስጠኛው በር ላይ ጠባብ መስታወት አለ፤ በእሱ የመድረኩ ብርሃን ይገባል። ለእሳቸው ለቀቅኩላቸው። አላዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ፤ የላይኛው በረንዳ ላይ እንደሚሆኑት መሰለኝ።

ዜማው እየቀለለ፣ እየራቀ ሄደ። በኖታ "ፒ" የምትባለው ፊደል ድምፅህን ዝቅ አድርግ ማለት ናት። ቻይኮቭስኪ እዚህ ቦታ ላይ ስድስት ደርድሯል። ክላርኔቱ ጠፋ ሲባል አለ፣ አለ ሲባል ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም። ጋሼ ጣታቸውን አነሱ።

"በሩን ያዝ" አሉኝ።

ያዝኩ። ኦርኬስትራው በሙሉ በአንዴ ፈነዳ። በሩ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። በመስታወቱ ሳይ መጨረሻው ረድፍ ላይ የነበሩ አንድ ሰውዬ ከወንበራቸው ዘለሉ፤ የያዙት ቡክሌት ወለሉ ላይ ተበተነ።

ጋሼ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይስቁ ነበር፣ እንባቸው እስኪመጣ። "ሁልጊዜ አንድ አለ" አሉኝ። "ልምምድ ላይ እኔ ነበርኩ።"