ሰዓት የምይዝበት ሰዓት

ሰዓት የሚወዱ ጓደኞቼ እጄ ላይ ያለውን ሴይኮ የተባለ የጃፓን ሰዓት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "አውቶማቲክ ነው?" ብለው ነው፤ ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ማለታቸው ነው። ኳርትዝ ነው ስላቸው ፊታቸው ቀዝቀዝ ይላል። ባትሪ ያለው ሰዓት ነፍስ የለውም ባዮች ናቸው። በዚህ ነገር ጨርሶ አልስማማም።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ ሰው ሯጭ ሳያይ አይመለስም። የጎረቤቴ ልጅም ከእነሱ አንዷ ናት። ኮሮኮንች ሲሆን ከቡድኗ ጋር ትሄዳለች። ብቻዋን አስፋልት ላይ ስትለማመድ ግን ሰዓት የምይዝላት እኔ ነኝ። የላይኛውን ቁልፍ ስጫን ረጅሟ መርፌ ትነሳለች፤ ልጅቷ ስትደርስ ደግሜ ስጫን ቀጥ ትላለች። "ጋሼ፣ ስንት ገባሁ?" ትለኛለች፣ ትንፋሿ ገና ሳይሰበሰብ።

በመስታወቱ ዙሪያ የተጻፉት ቁጥሮች ለመኪና ፍጥነት የታሰቡ ናቸው። 1 ኪሎ ሜትር ከ1 ደቂቃ በታች ለሚጨርስ ነው የሚሠሩት፤ በእግሩ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ያን አይችልም። ስለዚህ እኔ 100 ሜትር እለካበታለሁ። በ20 ሰከንድ ካለፈችው መርፌዋ 180 ላይ ትቆማለች። አንድ ዜሮ ስቀንስ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ የገባኝ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የሴይኮ ታሪክ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨረሰ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ሁለተኛው የገባው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። የዚያ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር። ለውድድሩ ካዘጋጃቸው መሣሪያዎች አንዱ 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በእጅ የሚያዝ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የኳርትዝ ሰዓት ቁም ሳጥን ያህል ነበር።

ያ 3 ኪሎ በአምስት ዓመት ገደማ እጅ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የሴይኮ አስትሮን ለገበያ ቀረበ፤ በዓለም የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ነው። ዋጋው 450,000 የን፣ ያኔ ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ። በ1983 ደግሞ መርፌ ያለው የመጀመሪያው የኳርትዝ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ቁልፍ ተጭነው ጊዜ የሚለኩበት ሰዓት፣ ከዚያው ከሴይኮ መጣ። የእኔ ሰዓት የእሱ ዘር ነው።

ውስጡ ያለውን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ባትሪው ሹካ የመሰለችውን ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ያንቀጠቅጣታል። ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል በትክክል 1 ይሆናል። ያቺ አንዷ ምት ናት የሰከንዷን መርፌ የምታራምደው። ጥሩ የሚባለው አውቶማቲክ እንኳ በቀን ጥቂት ሰከንድ ይዛባል። አስትሮን ያኔውኑ በወር ከ5 ሰከንድ አይበልጥም ተብሎ ነበር የወጣው። ለአንድ ሰከንድ ብላ ክረምት ከበጋ ለምትሮጥ ልጅ ሰዓት የሚይዝ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

ነፍስ የሚባለውን ነገር ካነሳን ደግሞ እኔ የማገኘው የሴይኮ መሥራች ዘንድ ነው። ኪንታሮ ሃቶሪ እ.ኤ.አ. በ1881 ቶኪዮ ውስጥ ሱቅ ሲከፍት ገና ወጣት ነበር። በ1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። እሳቱ ፋብሪካውን በላው። ደንበኞች ለጥገና የሰጧቸው ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዓቶችም አብረው ነደዱ። ሰውየው ሁሉንም በአዲስ ተካላቸው። የራሱ ንብረት አመድ ሆኖ ሳለ! እሳት በላው ቢል ማን ይቀየመው ነበር? በቀጣዩ ዓመት ሴይኮ የሚል ስም ያለው የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ወጣ።

ሰሞኑን የሰከንዷ መርፌ ሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለል ጀምራለች። ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንዲህ እያደረገ ነው የሚናገረው። ልጅቷ ቅዳሜ 10 ኪሎ ሜትር ትሞክራለች። ከዚያ በፊት መርካቶ ወርጄ አስቀይረዋለሁ። ውሃ የሚከለክለውን ጎማም አብሮ ይቀይርልኛል፤ የሱሉልታ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።